«የእጁን አገኘ» እና ካርማ፦ ቡድሂስቶች ክፋትን እንዴት ይመዝናሉ?

ጉልበተኛ ከሥልጣኑ ሲወርድ፣ አጭበርባሪ ሲያዝ፣ የከዳ ሰው በተራው ሲከዳ፣ ፌስቡክ ላይ «ካርማ!» የሚል አስተያየት አይጠፋም። ቃሉ አማርኛችን ውስጥ ገብቶ የ«የእጁን አገኘ»ን ቦታ ይዟል። አጭር ነው፣ ይጥማል። ችግሩ፣ በመጣበት ቤት ትርጉሙ ሌላ ነው። የቡድሃ (በ«ድ» ነው፤ ከእኛው ቡዳ ጋር ዝምድና የለውም) ጥንታዊ ንግግሮች «በሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ የቀድሞ ሥራው ፍሬ ነው» የሚለውን አባባል በግልጽ ስሕተት ይሉታል። ስሕተት ያሉትም ስለ ክፋት ካላቸው ጠቅላላ አስተሳሰብ ተነሥተው ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

አማርኛ «ክፉ» በሚለው ቃል ሁለት ሸክም ያሸክማል። ዐፄ ምኒልክ በነገሡበት ሰሞን የወረደው ረኃብ «ክፉ ቀን» ነው፤ ጎረቤቱን የሚያስለቅሰውም «ክፉ ሰው» ነው። ረኃቡ ማንንም አልጠላም፤ ሰውየው ግን አስቦበት ነው። የቴራቫዳ ቡድሂስቶች መጻሕፍት የተጻፉበት የፓሊ ቋንቋ እነዚህን ይለያያል። ሕመም፣ እርጅና፣ ሞት፣ ማጣት ዱኻ ይባላሉ። አስቦ የሚሠራው ክፋት ደግሞ አኩሳላ ነው። ኩሳላ ማለት ሥራውን የሚያውቅ፣ የተካነ ማለት ስለሆነ፣ አኩሳላን «ሙያ ቢስነት» ብሎ መተርጎም ለእኔ «ኃጢአት» ከማለት ይቀርባል። ወጡን ያሳረረ ሰው የሚወቀሰው እሳቱን ባለማወቁ ነው፤ ሕግ ጣሰ የሚለው የለም። (ፓፓ የሚል፣ ወደ ኃጢአት የሚጠጋ ቃልም አላቸው፤ የትንተናው ሥራ የሚሠራው ግን በአኩሳላ ነው።)

ሕመምንና እርጅናን አይቶ የተናወጠው ልዑል ለግዕዝ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ በፋርስ፣ በዐረብና በጆርጂያ ቋንቋዎች ሲንከባለል የክርስቲያን ገድል ሆነና፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን የመጣው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። በረላም ወይዋሴፍ ይባላል። «ይዋሴፍ» የሚለው ስም ከ«ቦዲሳትቫ» (ቡድሃ ወደ መሆን የሚጓዝ) ተለዋውጦ የቀረ ነው።

በአንድ ፈጣሪ ለሚያምን ሰው ጥያቄው ስለታም ነው፦ ቸር ነው፣ ሁሉን ቻይ ነው፣ ታዲያ ይህ ሕፃን ምን አጠፋ? ቡድሂዝም ይህን አይመልስም፤ ጥያቄው የቆመበትን መሬት ነው የሚያነሣው። አማልክት አሉ፤ ዕድሜያቸው ይርዘም እንጂ ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ፤ ዓለምን ግን አልፈጠሩም። በኬቫዳ ንግግር ውስጥ አንድ መነኩሴ ጥያቄ ይዞ ከሰማይ ሰማይ እየወጣ ታላቁ ብራህማ ፊት ይደርሳል። ብራህማም ገዢ፣ ፈጣሪ፣ የተወለደውም የሚወለደውም ሁሉ አባት መሆኑን ይደረድርለታል። መነኩሴው የጠየቀው ይህን እንዳልሆነ ይናገራል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። በመጨረሻ ብራህማ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ይወስደውና፣ ባለሟሎቼ የማላውቀው ያለ ስለማይመስላቸው ፊታቸው ዝም አልኩ፤ መልሱን ግን አላውቀውም፣ ሂድና ቡድሃን ጠይቅ ይለዋል። ቀልዱ የታሰበበት ነው። ቡሪዳታ በሚባለው የጃታካ (የቡድሃ የቀድሞ ሕይወቶች) ተረት ሙግቱ ይጠነክራል፦ የዓለሙ ጌታ ብራህማ ከሆነ ለምን ደስተኛ አድርጎ አልሠራውም? ውሸቱና ማታለሉ ለምን በዛ?

ፈጣሪን ማንሣት ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። ሂሳቡን የሚይዘው ዳኛ ከሌለ ሂሳቡ ራሱ እንዴት ይሠራል የሚል ጥያቄ ይመጣል። የቡድሂስቶች የራሳቸው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ መግቢያ መጻሕፍት «ቡድሂዝም የክፋት ችግር የለበትም» ብለው የሚያልፉትም እዚሁ ቦታ ላይ ነው። አለበት።

አንጉታራ ኒካያ ከሚባለው የቡድሃ ንግግሮች ስብስብ፣ ከሦስቶች ምዕራፍ እንነሣ። ቡድሃ ሦስት አመለካከቶችን አንድ ላይ ይጥላል። ሰው የሚቀምሰው ደስታም ሥቃይም ሁሉ በቀድሞ ሥራ ነው የሚለው አንዱ ነው። ሁሉ በፈጣሪ ፈቃድ ነው የሚለው ሁለተኛው፣ ሁሉ ያለ ምክንያት ነው የሚለው ሦስተኛው። ሦስቱም የሚወድቁበት ነጥብ አንድ ነው። እውነት ከሆኑ ነፍሰ ገዳዩ የሚገድለው በቀድሞ ሥራው፣ ወይም በፈጣሪ፣ ወይም እንዲያው በአጋጣሚ ነው፤ እንግዲያው «ይህን ላድርግ፣ ያንን ልተው» ለሚል ጥረት ቦታ የለም። ልብ በሉ፣ ሁሉን ለቀድሞ ሥራ የሚሰጠው አመለካከት እዚህ ከፈጣሪው ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ ነው የተጣለው። የፌስቡኩ ካርማ ይሄኛው ነው።

ሞሊያ ሲቫካ የሚባል ተቅበዝባዥ ባሕታዊ ይህንኑ በቀጥታ ጠይቋል፦ «የሚሰማን ሁሉ ካለፈው ሥራችን ነው» የሚሉትን ምን ትላለህ? መልሱ የዘመኑን ሕክምና ይጠቅሳል። አንዳንዱ ስሜት ከሐሞት ይነሣል፤ ሌላው ከአክታ፣ ከነፋስ፣ ወይም ከሦስቱ ቅልቅል፤ ሌላው ከአየር ጠባይ መለዋወጥ፤ ሌላው ራስን ካለመጠበቅ፤ ሌላው ሰው ከሚያደርሰው ጥቃት፤ ስምንተኛው ከካርማ ፍሬ። ከስምንት አንዱ ማለት ነው። ሁሉን ለካርማ የሚሰጡት ሰው በራሱ የሚያውቀውንም ዓለም የተስማማበትንም አልፈው ሄደዋል ይላል። የታመመን ሰው «ባለፈው ሕይወትህ ምን ሠርተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ በቡድሃ ቃል ከስምንቱ ሰባቱን በር ሳያንኳኩ ማለፍ ነው። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩትን ሥራ።

እውነቱን ለመናገር የኋላ ሐታቾች ይህን ሁልጊዜ አላከበሩትም። አንድ ምሳሌ ከገዳማዊው ሕግ፣ ከቪናያ አለ፤ ከባድ ነው፣ ግን መዝለል አይገባም። ቡድሃ በቬሳሊ አጠገብ ባለው ጫካ ሳለ ለመነኮሳቱ የሰውነትን አስቀያሚነት ማሰላሰል አስተማራቸውና ለግማሽ ወር ብቻውን ተገለለ። መነኮሳቱ ማሰላሰሉን ያለ ልክ ወሰዱት፤ ገላቸው አስጠላቸው፤ ራሳቸውንም እርስ በርሳቸውም ማጥፋት ጀመሩ። ሚጋላንዲካ የሚባል አስመሳይ መነኩሴ በልብስና በምጽዋት ሳህን ተከፍሎት ይገድላቸው ነበር፤ በቀን እስከ 60 ደረሰ ይላል ጽሑፉ። ቡድሃ ሲመለስ መነኮሳቱ ለምን አነሱ ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም ትንፋሽን የመከታተልን ማሰላሰል አስተማረ፤ ሰውን መግደል ከገዳም የሚያስባርር ጥፋት እንዲሆንም ደነገገ። የሕጉ ጽሑፍ ከዚህ አያልፍም። ያየው ስሕተት የማስተማሪያ ስሕተት ነው፦ መድኃኒቱ ለታማሚው አልተመጠነም፣ የሚከታተለውም አልነበረም፤ የተወሰደው እርምጃም መድኃኒቱን መለወጥና አጥር ማጠር ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣው ሐተታ ግን፣ ሟቾቹ ባለፈ ሕይወት አብረው አዳኞች ስለነበሩ ቡድሃም ሊያስቀረው የማይችለው ፍሬ ነበር ብሎ ጨመረ። ይህ ጭማሪ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው፤ ሁሉን አዋቂ የተባለ መምህር እንዴት ሳያውቅ ቀረ የሚለውን ጥያቄ ለመሸፈን ነው። የጠፋውን ፈጣሪ ቦታ ቡድሃ ሲይዘው፣ የፈጣሪው ጥያቄም አብሮት መጣ።

ካርማ ታዲያ ምንድን ነው? የቡድሃ ትርጉም በጣም ጠባብ ነው፦ ካርማ የምለው ቼታናን ነው ይላል። ቼታና ሆን ብሎ ማለት ነው፤ ሐሳቡ ወደ ድርጊት የሚያዘነብልበት ያ የውሳኔ ቅጽበት። ይህ በዘመኑ ቀላል አባባል አልነበረም። ጃይኖች የሚባሉት የሌላ ሕንዳዊ ሃይማኖት ተከታዮች በሰውነት የተሠራው ከሐሳቡ ይከብዳል ይሉ ስለነበር ትል እንኳ ሳያውቁ መርገጥ ሸክም ነበር። ቡድሃ ሚዛኑን ወደ ሐሳቡ አዞረው።

ከዚህ የተነሣ ሐታቾቹ እያንዳንዱን ጥፋት እንደ መካኒክ ይፈቱታል። መግደል ተፈጸመ ለማለት አምስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ሕይወት ያለው ፍጡር መኖሩ፣ ሕይወት እንዳለው ማወቅ፣ የመግደል ሐሳብ፣ ጥረት፣ በዚያ ጥረት ምክንያት መሞቱ። አንዷ ከጎደለች ሙሉ ድርጊቱ የለም። ዱላ መስሎት እባብ የረገጠ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አላሟላም፤ አልገደለም። ተኩሶ የሳተ አምስተኛው ጎድሎታል፤ አልገደለም፣ ግን ሐሳቡና ጥረቱ የራሳቸው መጥፎ ካርማ ናቸው። ስርቆት እንዲሁ አምስት አለው፤ ውሸት አራት፦ ነገሩ እውነት አለመሆኑ፣ የማታለል ሐሳብ፣ ያንን ለማድረስ መሞከር፣ ሰሚው መረዳቱ። ሰሚው ቋንቋውን ካላወቀ ውሸቱ አልተጠናቀቀም ማለት ነው፤ የሚዋሸውን ሰው ግን ይህ ብዙ አያጽናናውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሐሳቤ ንጹሕ ከሆነ ነጻ ነኝ» ብሎ በመውሰድ ነው። ቪናያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጉዳይ አለ። አንድ መነኩሴ ጨርቅ ጣል የተደረገበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከጨርቁ ሥር ሕፃን ተኝቶ ነበር፤ ሞተ። መነኩሴው ተጨንቆ መጣ። ብይኑ ሁለት ክፍል አለው። መግደል ስላላሰበ ከገዳም የሚያስወጣ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ሳያዩ ወንበር ላይ መቀመጥ አይገባም፤ ይህን ያደረገ ቀላል ጥፋት አለበት ተብሎ አዲስ ደንብ ወጣ። ቸልተኝነት የራሱ ስም፣ የራሱ መጠን ተሰጠው፤ ግድያ ተብሎ አልተጋነነም፣ «ሳላውቅ ነው» ተብሎም አልታለፈም። ስለ ክፋት ከተጻፈው ሁሉ ይህችን አጭር ብይን እኔ አስበልጣታለሁ።

አለማወቅ ሌላም ፊት አለው። ንጉሥ ሚሊንዳና መነኩሴው ናጋሴና በሚነጋገሩበት «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» በሚባለው መጽሐፍ ንጉሡ፣ አውቆ ክፉ ከሚሠራና ሳያውቅ ከሚሠራ የማን ይከፋል ይላል። ናጋሴና የማያውቀው ይላል። ንጉሡ ይገረማል፤ እኛ እኮ ለማያውቀው ነው የምንምረው። መልሱ የጋለ ብረት ነው፦ ትኩስ መሆኑን የማያውቅ በሙሉ እጁ ይጨብጠዋል፤ የሚያውቅ ይጠነቀቃል። ይህ ከላይ ካለው ሕግ ጋር የተጣላ ይመስላል። አልተጣላም፤ አለማወቁ ሁለት ዓይነት ነው። እባቡን ዱላ ነው ብሎ የረገጠ ነገሩን ነው ያላወቀው። እባብ ወይም ሰው መግደል ነውር መሆኑን የማያውቅ ግን ሳይሳቀቅ፣ ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶ ይገድላል። ሞሃ የሚሉት ይህን ነው፤ ከሦስቱ የክፋት ሥሮች አንዱ። ሌሎቹ ሎባ፣ ማለትም ስስትና ምኞት፣ እና ዶሳ፣ ማለትም ጥላቻ ናቸው። ስስታምና ቂመኛ አንዳንዴ ያፍራሉ። የተምታታበት ሰው ግን በጎ እየሠራ ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይቆምም።

ማራ የሚባል ፈታኝም አላቸው። የእኛን ሰይጣን አስቦ የሚያነብበው ሰው ግን ግር ይለዋል። በአንድ ንግግር ማራ የሞጋላናን ሆድ ገብቶ ያስጨንቀዋል። ሞጋላና ከታላላቆቹ ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው፤ አልደነገጠም፦ እኔም እኮ ድሮ ዱሲ የተባልሁ ማራ ነበርኩ፤ ካሊ እህቴ ነበረች፤ አንተ የእሷ ልጅ ነህ፣ እኔ አጎትህ ነኝ ይለዋል። ማራነት ሥልጣን ነው፤ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ዘላለማዊ ክፉ ተፈጥሮ የሚባል እዚህ ቦታ የለውም። 999 ገድሏል እየተባለ በኋላ ዘመን የተተረተለት አንጉሊማላም በዚሁ በር ነው መነኩሴ የሆነው። ያም ሆኖ ለምጽዋት ሲወጣ በድንጋይና በዱላ ተፈነከተ፤ ደሙ እየፈሰሰ ሲመለስ ቡድሃ «ቻለው» ነው ያለው። ንስሐው ድንጋዩን አላስቆመለትም።

ያው ጥፋት በሁለት ሰዎች ላይ ለምን እኩል አያርፍም ለሚለው የጨው ምሳሌ አለ። አንድ ጉብታ ጨው በትንሽ ሳህን ውኃ ውስጥ ብትጥል ውኃው አይጠጣም፤ ጋንጅስ ወንዝ ውስጥ ብትጥለው ምንም አይለወጥም። ጨው ያው ጨው ነው፤ የተለየው ውኃው ነው። በምግባር፣ በሐሳብና በጥበብ ራሱን ያሰፋ ሰው ትንሿን ጥፋት እዚሁ ቀምሷት ያልፋል፤ ያልሰፋው ለዚያችው ጥፋት ይሰቃያል። ከዚህ ምሳሌ ተግባራዊ ነገር ይወጣል፦ ያለፈውን ጨው ማውጣት አይቻልም፣ ውኃ መጨመር ግን ይቻላል። ጸጸት የሚቆጥረው ጨዉን ብቻ ስለሆነ ቡድሂስቶች በጸጸት ላይ መቀመጥን ሌላ ጥፋት አድርገው ይይዙታል።

ውኃ መጨመሪያው በዝርዝር የተጻፈው በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ፣ ሐታቹ ቡድሃጎሳ በጻፈው ቪሱዲማጋ በሚባል መጽሐፍ ዘጠነኛ ምዕራፍ ነው። ሥራው ሜታ ይባላል፤ በጎ መመኘት። ቅደም ተከተሉ የዘፈቀደ አይደለም። መጀመሪያ ለራስ፦ «ደኅና ልሁን፣ ከጥላቻ ልዳን»። ይህ ለራስ ማድላት አይደለም፤ ምስክር ማቆም ነው፣ እኔ ሥቃይን እንደምጠላ ሌላውም ይጠላል ለማለት። ቀጥሎ ለሚያከብሩት መምህር፣ ከዚያ በጣም ለሚወዱት ወዳጅ፣ ከዚያ ለማይጠሉትም ለማይወዱትም ሰው፣ በመጨረሻ ለጠላት። ጠላትን ያስቀደመ ይናደዳል። በጣም የሚወደውን ያስቀደመ ወዳጁ ትንሽ ሲከፋው ማልቀስ ይዳዳዋል። ለሞተ ሰው አይደረግም፤ አንድ ወጣት መነኩሴ በመምህሩ ላይ ጀምሮ አልሆን ቢለው መምህሩ መሞቱን ሲያጣራ ደረሰበት። ወንድ በተለይ ለአንዲት ሴት፣ ሴትም ለአንድ ወንድ ለይተው አይጀምሩም። ምክንያቱን የሚነግረን ስለ አንድ ሰው የተጻፈች አጭር ታሪክ ናት፦ «ለምትወደው ጀምር» ቢባል ለሚስቱ ጀመረና ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲታገል አደረ። ቡድሃጎሳ ፈገግ እያለ ነው የጻፈው ብል አልሳሳትም። ትምህርቱ ግን ቁም ነገር ነው። የሜታ ሩቅ ጠላት ጥላቻ ነው፤ ቅርብ ጠላቱ ደግሞ ምኞት። ጥላቻ ከሩቅ ይታያል፤ ምኞት ግን ፍቅር መስሎ በር ያንኳኳል።

ጠላት ላይ ሲደርስ ንዴቱ ካልበረደ ቡድሃጎሳ ደረጃ በደረጃ ሌላ መሣሪያ ያቀብላል። ከመካከላቸው የሚሠራው የመፍታቱ ነው፦ የተናደድከው በምኑ ላይ ነው? በፀጉሩ? በጥፍሩ? በአጥንቱ ውስጥ ባለው አፈር? በደሙ ውስጥ ባለው ውኃ? ንዴቱ በወስፌ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ የሰናፍጭ ፍሬ ማረፊያ ያጣል። ይህም እምቢ ካለ የመጨረሻው ምክር በጣም ምድራዊ ነው፤ ስጦታ ስጠው፣ ከእሱም ተቀበል። ሥራው ማለቁ የሚፈተነው በሽፍቶች ነው። አንተ፣ ወዳጅህ፣ መሀል ሰፋሪውና ጠላትህ ተቀምጣችሁ ሳለ ሽፍቶች መጥተው አንድ ሰው ስጡን፣ ልናርደው ነው ቢሉ፣ «ያንን ውሰዱ» ካልክ አልጨረስክም። «እኔን ውሰዱ» ካልክም አልጨረስክም። የሚሰጥ ሰው ስታጣ ነው የጨረስከው።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ያማረ ነው። ችግሩ ሚዛኑ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ሐታቾቹ የግድያን ክብደት ሲለኩ፣ ለእንስሳ የሰውነቱን ትልቅነት ያያሉ፤ ትልቁን ለመግደል ብዙ ጥረት ያስፈልጋልና። ለሰው ግን የሟቹን ምግባር ያያሉ፤ የተሻለ ምግባር ያለውን መግደል ይከብዳል። መጀመሪያ ሲነበብ ምንም አይመስልም፤ ቅዱስ መግደል ወንበዴ ከመግደል ቢከብድ ማን ይከራከራል? ነገር ግን ይህ ሚዛን ከላይ ወደ ታች ከተነበበ «የማንን ሞት ነው የማልቆጥረው?» ለሚለው መልስ ይሰጣል።

መልሱን ጽፈውታል። ማሃቫምሳ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የስሪላንካ መነኮሳት ታሪከ ነገሥት ነው። ጀግናው ዱታጋማኒ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የታሚሉን ንጉሥ ኤላራን ድል ያደረገ ነው። ኤላራ 44 ዓመት ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ፈርዷል ብሎ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ከድሉ በኋላ ዱታጋማኒ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ተቀምጦ፣ ጭፈራና ዘፈን በዙሪያው እያለ፣ በእሱ ምክንያት ያለቀውን ሠራዊት አስቦ ደስታ አጣ። ስምንት ፍጹማን መነኮሳት በአየር በርረው መጡና አጽናኑት፦ በዚህ ሥራ ወደ ሰማይ የሚወስደው መንገድ አልተዘጋብህም። የገደልከው አንድ ተኩል ሰው ነው። አንዱ በቡድሃ፣ በትምህርቱና በማኅበሩ የተማጸነ ነበር፤ ሌላው አምስቱን የምግባር ሕግጋት የያዘ። የቀሩት የማያምኑና ምግባረ ብልሹዎች ናቸው፣ ከእንስሳ አይበልጡም።

አንድ ተኩል። እዚህ ላይ የሚዛኑ እያንዳንዱ ክፍል በቦታው ነው፤ ሐሳብ አለ፣ ጥረት አለ፣ ሞት አለ። የተሰረዘው «ሰው» የሚለው ነው። ሲሰረዝም በጥላቻ ድምፅ አይደለም፤ የሚያዝን ንጉሥን በማጽናናት፣ በርኅራኄ ቃና ነው የተሰረዘው። ሜታን ሲያስተምር ቡድሃጎሳ ያስጠነቀቀው ቅርብ ጠላት ይህን ይመስላል።

ከቡድሃ ንግግሮች ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ አፍ ያስይዛል። ዮዳጂቫ የሚባል የወታደሮች አለቃ፣ በጦርነት የሞተ ወታደር ልዩ ሰማይ ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ብሎ ቡድሃን ጠየቀው። ቡድሃ «ተወው፣ ይህን አትጠይቀኝ» አለው፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ሲጨቀጭቀው፣ «እነዚህ ይገደሉ፣ ይጥፉ» እያለ የሞተ ወታደር የሚጠብቀው ሲኦል ነው አለው። አለቃው አለቀሰ። ያስለቀሰው የቡድሃ መልስ አልነበረም፤ የቀደሙት መምህራን ሲያታልሉት መኖራቸው ነው። ቡድሃ አላጽናናውም።

የአንድ ተኩሉ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ የሚባሉ ሙስሊሞች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ፣ በዚያው ዓመት አንድ ስመ ጥር መነኩሴ ለአገሪቱ መኮንኖች በሰበከው ስብከት ይህንኑ የማሃቫምሳ ታሪክ ተርኳል። ዝም ያላሉ፣ የተቃወሙ ቡድሂስቶችም ነበሩ። ሆኖም «ይህ እውነተኛው ቡድሂዝም አይደለም» ብሎ መገላገል አይቻልም፤ ማምለጫው ከውጭ አልመጣም፣ ከራሱ ሚዛን ነው የተሠራው።

ሌላ ንጉሥም አለ። የሕንዱ ንጉሠ ነገሥት አሾካ በነገሠ በስምንተኛው ዓመት ካሊንጋ የሚባለውን አገር ወጋ። 13ኛው የዓለት አዋጁ ቁጥሩን ያስቀምጣል፦ 150,000 ተማርከው ተወስደዋል፣ 100,000 ተገድለዋል፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ አልቀዋል። ቀጥሎ ስለ ጸጸቱ ይናገራል። በካሊንጋ ከሞቱት፣ ከተገደሉትና ከተማረኩት መቶኛው ወይም ሺኛው እንኳ ዛሬ ቢጎዳ ያሳዝነኛል ይላል። ብራህማኑንም፣ ሌላውን ባሕታዊም፣ ተራውን ባለ ቤተሰብም አብሮ ይቆጥራል፤ ማንም ግማሽ አልሆነም። በዚያው አዋጅ ግን ለጫካው ሕዝቦች፣ ቢጸጸትም የመቅጣት ኃይል እንዳለው እንዲያውቁ ያስጠነቅቃል።

አዋጁ በግዛቱ ዳርቻ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው አገር ጭምር ተቀርጿል። በካሊንጋ ምድር ግን፣ በዳውሊና በጃውጋዳ ዓለቶች ላይ፣ 11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው አዋጆች ተዘልለው በቦታቸው ሌሎች ሁለት አዋጆች ገብተዋል። እነሱ ለአገሩ ሹማምንት የተጻፉ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ልጄ ነው፣ ማንንም ያለ ፍርድ አታስሩ፣ አታሰቃዩ ይላሉ። የሟቾቹ ቁጥር እዚያ አልተጻፈም።